የእንፋሎት ግፊትን በስሌት መገመት፦ ጅማ ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ ለኬሚስትሪና ለኬሚካል ምህንድስና ተማሪዎች፣ ለላብራቶሪ ባለሙያዎች፣ እንዲሁም ቀለም፣ ቲነር ወይም ጸረ ተባይ የሚያከማቹ ሰዎች እንዲጠቀሙበት የተዘጋጀ ነው። ምሳሌዎቹ ጅማን መሠረት ያደረጉ ናቸው። ቀመሩ ግን የትም ያው ነው። ካልኩሌተር ያለው ስልክ ከያዛችሁ ሌላ ነገር አያስፈልግም። በቀመሮቹ ውስጥ «ግ» ግፊት ነው፣ «ሙ» ደግሞ ሙቀት።

የእንፋሎት ግፊት በቀላሉ ሲገለጽ ምንድን ነው?

ክዳኑ ጥብቅ ብሎ የተዘጋ ጠርሙስ ውስጥ ትንሽ አልኮል አለ እንበል። ከፈሳሹ ሞለኪውሎች እየተነኑ ይወጣሉ። ከወጡትም ከፊሎቹ ተመልሰው ይገባሉ። የሚወጣውና የሚመለሰው እኩል ሲሆን፣ ከፈሳሹ በላይ ያለው እንፋሎት ብቻውን የሚፈጥረው ግፊት የእንፋሎት ግፊት ይባላል። የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ ቁሱ ራሱና የሙቀቱ መጠን። ጠርሙሱ ትልቅ ሆነ ትንሽ፣ ፈሳሹ በዛ አነሰ፣ ለውጥ አያመጣም።

በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ የውሃ የእንፋሎት ግፊት 24 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ገደማ ነው። የቶሉን (ብዙ ቲነር ውስጥ የሚገኝ ማሟሚያ) 28፣ የኤታኖል (ተራው አልኮል) 59፣ የአሴቶን 231 ነው። አሴቶን ያለበት የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ገና ከጥጡ ሳይነሳ ብን የሚለው በዚህ ምክንያት ነው።

መለካት እየተቻለ ለምን ይሰላል?

መለካት ከተቻለ መለካት ይሻላል። የታወቀ ቁስ ከሆነ ደግሞ መለካትም ማስላትም አያስፈልግም፤ የታተመ ቁጥር አለው፣ እሱን ፈልጉ።

ስሌት የሚያስፈልገው ግፊቱ በጣም ትንሽ ሲሆን ነው። ዲዲቲ የሚባለውን ጸረ ተባይ ውሰዱ። ወባ ባለባቸው አካባቢዎች ለብዙ ዓመታት የቤት ግድግዳ ላይ ሲረጭ ኖሯል። በ25 ዲግሪ የእንፋሎት ግፊቱ 0.000025 ፓስካል ገደማ ነው። ከውሃ ጋር ሲነጻጸር ከመቶ ሚሊዮን ጊዜ በላይ ያንሳል። ግድግዳ ላይ ወራት የሚቆየውም በዚህ ነው። እንዲህ ያለ ቁጥር በተራ ማኖሜትር (የግፊት መለኪያ) አይለካም። ልዩ መሣሪያ፣ ንጹህ ናሙናና ጊዜ ይፈልጋል። ገና ያልተሠራ፣ ወረቀት ላይ ብቻ ያለ ሞለኪውል ከሆነ ደግሞ መለካት ጭራሽ አይታሰብም።

የኦኢሲዲ (የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት) መመሪያ ቁጥር 104 የእንፋሎት ግፊት አለካክን የሚመለከት ነው። እሱም ስሌትን ይቀበላል፤ ግን ቦታውን ለይቶ ነው። አንደኛ፣ የትኛው የመለኪያ ዘዴ እንደሚስማማ ለመምረጥ። ሁለተኛ፣ በቴክኒክ ምክንያት መለካት ሲያቅት ግምት ወይም የወሰን ቁጥር ለመስጠት።

ጅማ ከፍታ ላይ ስለሆነች የእንፋሎት ግፊቱ ይለወጣል?

አይለወጥም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ስለሆነ ትንሽ እንቆይበት።

በ25 ዲግሪ የኤታኖል የእንፋሎት ግፊት ጅማም፣ ጅቡቲም፣ ደብረ ብርሃንም 59 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ነው። የሚለወጠው የአየሩ ግፊት ነው። ጅማ ከባህር ጠለል በላይ 1,780 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ያለው የአየር ግፊት 82 ኪሎፓስካል አካባቢ ነው፤ በሜርኩሪ 615 ሚሊሜትር። ባህር ጠለል ላይ 760 ነው። ፈሳሽ የሚፈላው የእንፋሎት ግፊቱ ከአየሩ ግፊት ጋር ሲተካከል ነው። ስለዚህ እዚህ መድረስ ያለበት 760 ሳይሆን 615 ነው፤ እዚያ ደግሞ ቶሎ ይደርሳል።

ውሃ ጅማ ላይ የሚፈላው 94 ዲግሪ ላይ ነው። ጀበና ውስጥ ቡና ሲንተከተክ ሙቀቱ ያው እዚያው አካባቢ ነው፤ እሳቱን ብትጨምሩም 100 አይገባም። ንጹህ ኤታኖል ከ78 ወርዶ 73 ላይ ይፈላል። አሴቶን ከ56 ወርዶ 50 ላይ። ቶሉን ከ110.6 ወርዶ 103 ላይ።

ይሄ ከስሌቱ ጋር ምን አገናኘው? ብዙዎቹ የግምት ዘዴዎች መነሻ አድርገው የሚይዙት የፍሌት ነጥብን ነው። የሚጠይቁት ደግሞ በ760 የተለካውን ነው። አንድ ተማሪ ጅማ ውስጥ ላብራቶሪ ገብቶ የቶሉንን የፍሌት ነጥብ 103 ብሎ ይለካል። ልኬቱ ትክክል ነው። ያንን ቁጥር ሳያስተካክል ቀመሩ ውስጥ ሲከተው ግን ውጤቱ በ35 ከመቶ ያህል ያብጣል። ስሌቱን ከዚህ በታች ታገኙታላችሁ። ከቀመሩ የራሱ ስህተት ይሄኛው በብዙ ይበልጣል።

ታዲያ እዚህ የለካሁትን የፍሌት ነጥብ እንዴት ላስተካክል?

ቀላል ቀመር አለ፦

የሚጨመረው ዲግሪ = 0.00012 × (760 − የአካባቢው ግፊት) × (273 + የተለካው የፍሌት ነጥብ)

ለቶሉን፦ 0.00012 × 145 × 376 = 6.5። 103.3 ላይ ስትጨምሩት 109.8 ይሆናል። እውነተኛው 110.6 ነው። አይከፋም። እንደ ውሃና አልኮል ላሉ እርስ በርስ ለሚያያዙ ፈሳሾች በ0.00012 ፈንታ 0.00010 ተጠቀሙ። ኤታኖል 73.1 ላይ 5 ሲጨመርለት 78.1 ይሆናል፤ ከእውነተኛው ጋር ለጥቂት ነው የማይገናኘው።

የዕለቱን የአየር ግፊት ከስልኬ ላይ ብወስድስ?

እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። የአየር ሁኔታ አፕ ከፍታችሁ ጅማ ስትሉ 1015 ወይም 1018 ሄክቶፓስካል ሊላችሁ ይችላል። ጅማ ላይ እንዲህ ያለ ግፊት የለም። አፑ የሚያሳየው ወደ ባህር ጠለል የተመለሰ ቁጥር ነው። የሜትሮሎጂ ሰዎች ከተማን ከከተማ ለማነጻጸር እንዲመቻቸው እንደዚያ ያደርጉታል። እናንተ የምትፈልጉት ግን ያልተመለሰውን፣ 820 ሄክቶፓስካል አካባቢ ያለውን ነው። ላብራቶሪው ባሮሜትር ካለው እሱን አንብቡ። አንዳንድ ስልኮች የራሳቸው የግፊት ሴንሰር አላቸው። የሴንሰሩን ጥሬ ንባብ የሚያሳይ አፕ ካገኛችሁ ይሠራል።

የአንትዋን ቀመር ምንድን ነው? እንዴትስ ይሠራል?

ፈረንሳዊው መሐንዲስ ሉዊ ሻርል አንትዋን በ1888 ያወጣው ነው። እስካሁንም በየቀኑ የምንጠቀመው እሱን ነው፦

ሎግ ግ = ሀ − ለ ÷ (ሐ + ሙ)

ሎጉ በ10 መሠረት ነው። ሀ፣ ለ እና ሐ ለእያንዳንዱ ቁስ የተለያዩ ቋሚ ቁጥሮች ናቸው። ከእውነተኛ ልኬት የወጡ ስለሆኑ ቀመሩን ግምት ከማለት ልኬትን ማሳጠሪያ ማለት ይቀላል። ለኤታኖል ሀ 8.20417፣ ለ 1642.89፣ ሐ 230.300 ነው፤ ሙቀቱ በሴልሺየስ፣ ግፊቱ በሚሊሜትር ሜርኩሪ።

በ25 ዲግሪ እንሥራው። 230.3 ሲደመር 25፣ 255.3። 1642.89 ለ255.3 ሲካፈል 6.435። 8.204 ሲቀነስ 6.435፣ 1.769። አሥርን በ1.769 ከፍ ስታደርጉት 58.75 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ይሰጣችኋል። ኤክሴል ላይ አንድ ሳጥን ውስጥ =10^(8.20417-1642.89/(230.3+25)) ብላችሁ ጻፉ፤ በቃ።

የጅማን የሌሊት ብርድና የቀትር ሙቀት በዚሁ መሞከር ትችላላችሁ። 12 ዲግሪ ላይ 26.5 ይወጣል። 27 ዲግሪ ላይ 66። በአሥራ አምስት ዲግሪ ልዩነት ሁለት ተኩል እጥፍ ማለት ነው። ጠዋት ላይ ጸጥ ያለ የአልኮል ጀሪካን ከሰዓት በኋላ ሆዱ ተነፍቶ የሚገኘው ወዶ አይደለም።

ለውሃ ቁጥሮቹ 8.07131፣ 1730.63 እና 233.426 ናቸው፤ ከ1 እስከ 100 ዲግሪ ያገለግላሉ። ከ100 በላይ 8.14019፣ 1810.94 እና 244.485 ይተኳቸዋል። ቋሚ ቁጥሮቹ ከተሰጣቸው የሙቀት ክልል ውጭ ማስላት ያስታችኋል፤ በተለይ ወደ ታች ራቅ ካላችሁ። ክልሉ ከቁጥሮቹ አጠገብ ይጻፋል። አብራችሁ ገልብጡት።

ያገኘሁት ቁጥር የማይሆን ነገር ነው። ምን አጠፋሁ?

ከአሥር ዘጠኙ የመለኪያ አሃድ ጣጣ ነው።

አንድ ምንጭ ቋሚ ቁጥሮቹን በሴልሺየስና በሚሊሜትር ሜርኩሪ ይሰጣል። ኒስት ዌብቡክ (የአሜሪካው የደረጃዎችና ቴክኖሎጂ ተቋም የመረጃ ድረ ገጽ) በኬልቪንና በባር ይሰጣል። ሌላው በኬልቪንና በኪሎፓስካል፣ ያውም በተፈጥሯዊ ሎጋሪዝም። የኤታኖል የኒስት ቁጥሮች 5.24677፣ 1598.673 እና −46.424 ናቸው። ሦስተኛው ኔጌቲቭ መሆኑን ልብ በሉ፤ ኬልቪን ላይ መሆናችሁን የሚነግራችሁ እሱ ነው። 298.15 ስታስገቡ 0.0787 ባር ይወጣል። በ750 ስታባዙት 59 ሚሊሜትር ሜርኩሪ፤ ከላይኛው ጋር ይገጥማል። የአንዱን ሀ ከሌላው ለ ጋር ካደባለቃችሁ ግን የሚወጣው ቁጥር የማንም አይደለም።

ቋሚ ቁጥሮቹን በገለበጣችሁ ቁጥር መጀመሪያ የታወቀውን የፍሌት ነጥብ አስገቡ። 760 ወይም 1.013 ባር ካልወጣ ወደ ፊት አትሂዱ። ግማሽ ደቂቃ እንኳ አይፈጅም።

ቁሱ የአንትዋን ቁጥሮች የሉትም፤ ያለኝ የፍሌት ነጥብ ብቻ ነው

እውነተኛው ግምት የሚጀምረው እዚህ ነው። መሠረቱ የክላውዚየስና ክላፔሮን ቀመር ነው። ክላፔሮን በ1834 ጀመረው፣ ክላውዚየስ በ1850 አጠናከረው፦

ተፈጥሯዊ ሎግ (ግ2 ÷ ግ1) = −(የትነት ኃይል ÷ 8.314) × (1÷ሙ2 − 1÷ሙ1)

ሙቀቱ እዚህ በኬልቪን ነው። ሴልሺየስ ላይ 273.15 ጨምሩ። የትነት ኃይል ማለት አንድ ሞል ፈሳሽ ለማትነን የሚያስፈልገው ጁል ነው። እሱን ካላወቃችሁ የትራውተን ሕግ ይረዳችኋል። በ1884 ፍሬድሪክ ትራውተን እንዳሳየው፣ ለብዙ ፈሳሾች የትነት ኃይል በኬልቪን ለተገለጸው የፍሌት ነጥብ ሲካፈል 88 አካባቢ ይመጣል። ለውሃና ለአልኮል አይሠራም፤ የእነሱ 110 አካባቢ ነው።

ቶሉንን እንሞክር። የፍሌት ነጥቡ 383.8 ኬልቪን ነው። በትራውተን ሕግ በ25 ዲግሪ 36 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ይወጣል። እውነተኛው 28.4 ነው። ወደ 28 ከመቶ አልፏል። ምክንያቱ የትነት ኃይል ቋሚ አለመሆኑ ነው፤ ሙቀቱ ሲወርድ እሱ ይጨምራል። ኤታኖል ላይም ተመሳሳይ ነው። የፍሌት ነጥቡ ላይ ያለውን 38.6 ኪሎጁል ይዛችሁ ወደ 25 ዲግሪ ብትወርዱ 72 ይወጣል፤ እውነተኛው 59 ነው።

ይህን ለማረም ነው የተሻሻለው የዋትሰን ቀመር የመጣው። የኦኢሲዲው መመሪያም አባሪው ላይ የሚጠቅሰው እሱን ነው። መልኩ ያስፈራል እንጂ ካልኩሌተር አይከብደውም። መጀመሪያ የምትፈልጉትን ሙቀት ለፍሌት ነጥቡ አካፍሉ፤ ሁለቱም በኬልቪን። ውጤቱን «ን» እንበለው። ከዚያ፦

ቀ = ካ × (8.75 + 1.987 × ተፈጥሯዊ ሎግ የፍሌት ነጥብ) ÷ (0.97 × 1.987)

ተፈጥሯዊ ሎግ ግ = ቀ × [1 − (3 − 2ን)^መ ÷ ን − 2መ × (3 − 2ን)^(መ − 1) × ተፈጥሯዊ ሎግ ን]

ግፊቱ የሚወጣው በአትሞስፌር ነው። «ካ» እንደ ቁሱ ዓይነት ከሰንጠረዥ ይወሰዳል፤ ለተራ ሃይድሮካርቦን 1 ብትሉት ያስኬዳል። «መ» ለፈሳሽ 0.19 ነው።

ለቶሉን፦ ን 0.777፣ ቀ 10.67፣ ቅንፉ ውስጥ ያለው −0.3096። ሲባዙ −3.305። ውጤቱ 0.0367 አትሞስፌር፣ ማለትም 27.9 ሚሊሜትር ሜርኩሪ። ከ28.4 ጋር ያለው ልዩነት 2 ከመቶ ብቻ ነው። አንዲት የፍሌት ነጥብ ብቻ ይዞ እዚህ መድረስ የሚያስደንቅ ነው።

አሁን ጅማ የተለካውን 103.3 ሳታስተካክሉ ክተቱ። 37.6 ይወጣል። ያ ሁሉ የቀመር ውበት ገደል ገባ ማለት ነው።

የፍሌት ነጥቡንም አላውቀውም

ከሞለኪውሉ ቅርጽ መገመት ይቻላል። በ1987 የወጣው የጆባክና የሪድ ዘዴ ሞለኪውሉን በትናንሹ ይቆራርጥና ለእያንዳንዱ ቁራጭ ነጥብ ይሰጣል። ቶሉን አንድ ሜቲል (23.58)፣ አምስት የቀለበት ካርቦን ከነሃይድሮጅኑ (እያንዳንዱ 26.73) እና አንድ ሃይድሮጅን የሌለው የቀለበት ካርቦን (31.01) አለው። 198.2 መነሻ ላይ ሁሉንም ደምሩ፦ 386.4 ኬልቪን። እውነተኛው 383.8 ነው።

የ2.6 ዲግሪ ስህተት የእንፋሎት ግፊቱን በ10 ከመቶ ያህል ያዛባል። 20 ዲግሪ ብትስቱ ግን ውጤቱ ከእጥፍ በላይ ይርቃል። ጆባክ ለትልልቅና ብዙ ኦክስጅን ወይም ናይትሮጅን ላላቸው ሞለኪውሎች በጣም ሊስት ይችላል። በ1994 ስታይንና ብራውን ብዙ ቁራጮች ጨምረው አሻሽለውታል። ዛሬ አንዳንድ ሶፍትዌሮች የሚጠቀሙት የእነሱን ነው።

ጠጣር ነገርስ የእንፋሎት ግፊት አለው?

አለው። ከልብስ መሀል የሚቀመጠው የናፍታሊን ኳስ ቀስ በቀስ እያነሰ የሚጠፋው ሳይቀልጥ ስለሚተን ነው። በ25 ዲግሪ የእንፋሎት ግፊቱ 11 ፓስካል አካባቢ ነው።

ስሌቱ ላይ ግን ጠጣር ያስቸግራል። ከጠጣር ለመውጣት ሞለኪውሉ ተጨማሪ ኃይል ይጠይቃል። ስለዚህ የፈሳሽ ቀመር ለጠጣር የተጋነነ ቁጥር ይሰጣል። የዋትሰኑ ቀመር ይህን የሚፈታው «መ»ን በመለወጥ ነው፦ ን ከ0.6 በላይ ከሆነ 0.36፣ ከ0.5 እስከ 0.6 ከሆነ 0.8፣ ከ0.5 በታች ከሆነ 1.19።

ችግሩ ድንበሩ ላይ ነው። የናፍታሊን ን 0.607 ነው። 0.36 ስትወስዱ 20 ፓስካል ይወጣል። ለጥቂት አንሶ 0.8 ውስጥ ቢወድቅ ኖሮ 5 ይሆን ነበር። እውነተኛው 11 መሀላቸው ነው። በአንዲት መስመር ምክንያት አራት እጥፍ መዝለል ለእኔ አይዋጥልኝም።

የተሻለው መንገድ ሁለት ደረጃ አለው። መጀመሪያ ቁሱን ያልረጋ ፈሳሽ እንደሆነ አድርጋችሁ አስሉ። ለዚህ መ = 0.4133 − 0.2575 × ን ውሰዱ፤ የተሻሻለው የግሬን ዘዴ የሚለው ይህንኑ ነው። ለናፍታሊን 29.5 ፓስካል ይወጣል። ቀጥሎ የጠጣርነቱን ቅነሳ አስገቡ፦

ተፈጥሯዊ ሎግ (የጠጣሩ ግፊት ÷ የፈሳሹ ግፊት) = −6.79 × (የቅልጠት ነጥብ ÷ ሙ − 1)

ናፍታሊን የሚቀልጠው 353.4 ኬልቪን ላይ ነው። ቅነሳው 0.284 ይመጣል። 29.5 በ0.284 ሲባዛ 8.4 ፓስካል። ከ11 ብዙም አልራቀም፤ መዝለልም የለበትም። የቅልጠት ነጥብን መለካት ደግሞ ቀላል ነው፣ ከፍታም አያዛባውም ማለት ይቻላል።

ቤንዚን፣ ቲነር፣ አረቄ? ድብልቅ ሲሆንስ?

ድብልቅ አንድ ቋሚ የእንፋሎት ግፊት የለውም። ቀላሉ ሲተን የቀረው ይከብዳል፤ ግፊቱም ይወርዳል። ቤንዚን በ37.8 ዲግሪ በተወሰነ ዕቃ የሚለካው ለዚህ ነው፤ ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ነገር እንዲያወራ።

ተመሳሳይ ባሕርይ ላላቸው ፈሳሾች የራውልት ሕግ ይበቃል፦ የእያንዳንዱን ንጹህ ግፊት በሞል ድርሻው አባዙና ደምሩ። ቶሉንና ቤንዚን የሚባለው ሞለኪውል ሲደባለቁ በደንብ ይሠራል። እዚህ ላይ ማደያ የሚሸጠውን ቤንዚን ማለቴ አይደለም፤ ስማቸው ተመሳስሎ ነው።

አረቄ ላይ ግን ይከሽፋል። ውሃና ኤታኖል እርስ በርስ አይመቻቹም። ኤታኖሉ ራውልት ከሚለው በላይ ይተናል፤ 95.6 ከመቶ በክብደት ሲደርስ ደግሞ ከውሃው አልለይም ይላል። ለእንዲህ ዓይነቱ የማስተካከያ ቁጥር ያስፈልጋል። ዩኒፋክ የሚባለው ዘዴ ከሞለኪውል ቁርጥራጭ ተነስቶ ይገምተዋል፤ በእጅ ግን አድካሚ ነው።

በነጻ የሚገኝ ሶፍትዌር አለ?

አለ። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ኢፒአይ ስዊት የሚባለውን በነጻ ይሰጣል። የሞለኪውሉን አወቃቀር ስማይልስ በሚባለው የፊደል አጻጻፍ ታስገባላችሁ። እሱ የፍሌት ነጥቡን ይገምትና በሦስት ዘዴ የእንፋሎት ግፊት ያሰላል፦ በአንትዋን፣ በተሻሻለው ግሬንና በማካይ። ለፈሳሽ የሚመክረው የአንትዋንና የግሬን አማካይ ነው። ለጠጣር ግሬንን ብቻ። ማካይን የሚያሳየው ለማወቅ ያህል ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። የፍሌት ወይም የቅልጠት ነጥብ በእጃችሁ ካለ ራሳችሁ ማስገባት ትችላላችሁ፤ አስገቡም። ባዶ ከተዋችሁት በግምት ላይ ሌላ ግምት ይደርባል። ስታስገቡ ደግሞ የ760ውን።

ስንት ስህተት የሚያስኬድ ነው?

እንደ ግፊቱ ነው። ከ1 ኪሎፓስካል በላይ ላለ ተራ ፈሳሽ ጥቂት በመቶ ማግኘት አለባችሁ። አንድ ፓስካል አካባቢ እጥፍ ወይም ግማሽ ቢሆን አያስደነግጥም። ሚሊፓስካልና ከዚያ በታች ስትወርዱ አሥር እጥፍ መሳት የተለመደ ነው። የተለኩትም ቁጥሮች እርስ በርስ እንደዚያው ይለያያሉ። ስለዚህ ለጸረ ተባይ «0.0023714 ፓስካል» ብሎ መጻፍ ያስቃል። «0.002 አካባቢ» በቂ ነው። የኦኢሲዲው ቀመር ራሱ ከ0.00001 ፓስካል በታች አልሠራም ይላል።

ስንት ሲሆን ነው «ተናኝ» የሚባለው?

የአውሮፓ ኅብረት የማሟሚያዎች መመሪያ በ20 ዲግሪ 0.01 ኪሎፓስካልና ከዚያ በላይ ያለውን ኦርጋኒክ ቁስ ተናኝ ይለዋል። ቶሉን በብዙ እጥፍ ያልፋል።

ይህን ሁሉ አስልቼ መጋዘን ውስጥ ምን ያደርግልኛል?

በቶሉን እናስበው። ብዙ ቲነር ውስጥ ይገኛል። በ25 ዲግሪ በተዘጋና አየር በማይገባበት ክፍል ወለል ላይ ቢደፋ፣ አየሩ ሲጠግብ በአንድ ሜትር ኩብ 140 ግራም ያህል ይይዛል። ይሄ ጅማም ሌላ ቦታም አንድ ነው። ድርሻው ግን ይለያል። 28.4 ለ760 ሲካፈል 3.7 ከመቶ፣ ለ615 ሲካፈል 4.6 ከመቶ ነው። ቶሉን አየር ውስጥ ከ1.1 ከመቶ ጀምሮ በብልጭታ ሊቀጣጠል ይችላል። ክፍሉ ገና ሩብ ሳይጠግብ አደጋው ደርሷል ማለት ነው። እንፋሎቱ ከአየር ሦስት እጥፍ ያህል ስለሚከብድ ወለል ለወለል ይሄዳል። ስለዚህ ከጣሪያ ሥር ብቻ ያለ መስኮት አያድናችሁም፤ ከታችም ቀዳዳ ይፈልጋል። ከሰል ያለበት የቡና ምድጃ ደግሞ ከዚያ ክፍል ይራቅ።

ሪፖርት ላይ እንዴት ልጻፈው?

ቁጥሩን፣ ሙቀቱን፣ ዘዴውንና ያስገባችሁትን የፍሌት ነጥብ ከነግፊቱ ጻፉ። ለምሳሌ፦ «በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ 3.7 ኪሎፓስካል፤ በተሻሻለው የዋትሰን ዘዴ የተገመተ፤ መነሻው የፍሌት ነጥብ 110.6 ዲግሪ በ760 ሚሊሜትር ሜርኩሪ።» የፍሌት ነጥቡን እዚሁ ከለካችሁት ሁለቱንም አስፍሩ፦ «በ615 ሚሊሜትር 103.3 የተለካ፣ ወደ 760 ሲስተካከል 109.8።» እንዲህ ከተጻፈ፣ አንባቢው ቢጠራጠር ራሱ መልሶ ሊያሰላው ይችላል።